ከአዳማ ሐዋሳ ከልጆች ጋር፦ ፎቶውን በምን እናንሳ?

ከአዳማ ተነስቶ ቤተሰብ ይዞ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ስለ መኪናው ጎማ፣ ስለ ማረፊያው፣ ስለ ልጆቹ ስንቅ ቀድሞ ያስባል። የፎቶው ነገር ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ዋዜማው ማታ ነው። «የአጎታቸውን ካሜራ እንዋስ?» «ስልኩ አይበቃም እንዴ?» «እዚያ ሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺዎች አሉ አይደል?» አንዱ ሻጭ በ108 ሜጋፒክስል (ፎቶው የተሠራበት የነጥብ ብዛት፣ በሚሊዮን) ስልክ ያማልላል። የሰፈር ልጅ ደግሞ «ያገለገለ ካሜራ በጥሩ ዋጋ አለ» ይላል።

የማንንም ምርት አላሞግስም፤ አማራጮቹን ብቻ ላወዳድር። የራሴን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ቤተሰብ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ለአንድ ሰዓት ከሚቀጠር የሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺ ጋር ተደምሮ፣ ከተዋሱት ትልቅ ካሜራ ይሻላል። ለምን እንደዚያ እንደምል መለኪያዎቹ ይናገራሉ።

መለኪያዎቹ

አንደኛው እጅ ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው አንድ እጁ የራሱ አይደለም። በሁለት እጅ ብቻ የሚሠራ ካሜራ አንድ አዋቂን ከጥበቃ ውጪ ያደርጋል። ውሃ ዳር ሲሆን ይህ የፎቶ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ልጅ የሚስቀው አንዴ ነው። «እስቲ ድገመው» ስትሉት የሚመጣው ሳቅ ሌላ ሳቅ ነው። መሣሪያው ከኪስ ወይም ከቦርሳ ወጥቶ እስኪያነሳ ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

ሦስተኛው ርቀት ነው። የምታነሱት ነገር አጠገባችሁ ነው ወይስ ውሃው ማዶ? ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይጠይቅ ነው።

አራተኛው ብርሃን ነው። በጠራራ ፀሐይ ሁሉም ካሜራ ያነሳል። ልዩነቱ የሚታየው ሲመሽና ቤት ውስጥ ነው።

አምስተኛውን ማንም አይቆጥረውም፤ ለእኔ ግን ከባዱ እሱ ነው። ፎቶው ውስጥ ማን ይጎድላል? የብዙ ቤተሰብ የጉዞ አልበም ሲገለጥ ወይ እናት የለችም ወይ አባት የለም፤ ምክንያቱም አንሺው እሱ ነበር።

የመጨረሻው ወጪ ነው። የካሜራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ሜሞሪ ካርድ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ ቦርሳ፣ ሲበላሽ ጥገና፤ ሁሉም ይደመራል።

መንገዱ ራሱ ምን ይጠይቃል?

ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ ከዚያ በክፍያ መንገዱ በመቂ በኩል ወደ ባቱ ትወርዳላችሁ። በክፍያ መንገድ ላይ ለፎቶ መቆም አይፈቀድም፤ ዳር ይዞ መቆም ለብልሽትና ለድንገተኛ ችግር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ፎቶ የሚነሳው በመስኮት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ይጓዛል። አጠገባችሁ ያለው ቁጥቋጦ ብዥ ይላል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ሩቁን አንሱ። ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርጉት፣ ነጸብራቁ ይቀንሳል። ልጁ ለፎቶ ብሎ ቀበቶውን እንዳይፈታ ግን ዓይናችሁን ጣሉበት።

ባቱ ላይ የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የመጀመሪያው ደህና ማቆሚያ ነው። ወፉ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ በኩል ላንጋኖ፣ በሌላው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ፓርኩ መግቢያ አካባቢ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ከልጆች ጋር ሳይደክሙ ማየት ይቻላል፤ የመግቢያ ክፍያ አለው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ጥቁር ወይም ቡናማ ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶው ላይ ይጠፋል። ቢጫ፣ ቀይ ወይም ነጭ አልብሱት። ከዚያ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ።

ሐዋሳ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማዋ የተቀመጠችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ከከተማው ወገን ትመጣለች። ልጁ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ቢቆም ፊቱ ይበራል፣ ሐይቁም ከኋላው ይታያል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስለምትጠልቅ ፊት ይጠቁርና ጥላ ብቻ ይቀራል። ጥላው ያምራል፣ ግን አያት ቤት የሚሰቀል ፎቶ አይሆንም። ፊት የሚታይበትን ፎቶ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። የጥላውን ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ አንሱ። ይህን ብቻ ማወቅ ከብዙ ካሜራ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አማራጭ አንድ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ

በእጅና በፍጥነት መለኪያ የሚስተካከለው የለም። በአንድ እጅ ይያዛል። ካሜራው ቶሎ ይከፈታል። በድምፅ ቁልፉም ማንሳት ይቻላል። ለሚሮጥ ልጅ ደግሞ በተከታታይ የማንሳት ዘዴ አለው፤ በአንዳንዱ ስልክ የማንሻውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ፣ በአንዳንዱ ወደ ጎን በመጎተት ይሠራል። ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት። ከሃያው አንዱ ዓይኑን የገለጠበት ይሆናል።

ስለ ሜጋፒክስል የሚወራው አብዛኛው ወሬ ነው። 12 ሜጋፒክስል ፎቶ በጥሩ የሕትመት ጥራት 25 በ34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታተማል። 10 በ15 ለሚባለው የተለመደ የአልበም መጠን 2 ሜጋፒክስል ይበቃል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ስልክ ያለው ሰው ለዚህ ጉዞ ብሎ ስልክ መቀየር የለበትም።

ድክመቱ ርቀት ነው። በጣት እየጎተቱ ማስጠጋት ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው፤ የባቱ ፔሊካን ብዥ ያለ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ግን ይህ ድክመት ያን ያህል አይጎዳም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ስትሄዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሳቸው ይቀርባሉ። ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ስለሚደርስ ብዙ ልጅ ይበልጣሉ። ዙም የሚያስፈልግ አይደለም፤ እንዲያውም ልጁን ትንሽ ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ በተለይ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጣል። ጉሬዛና ጦጣም ዛፉ ላይ አሉ። ጦጣዎቹ ብስኩት ይነጥቃሉ። ሊበላ የሚችል ነገር መስሎ ከታያቸው ስልክም አይምሩም።

ሲመሽ የስልክ ፎቶ ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ የሚንቀሳቀስ ልጅም ብዥ ይላል። ፊት ሲጠቁር ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ንኩት፣ ከዚያ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የልጅ ጣት ያረፈበት ሌንስ ሁሉን ነገር ጭጋግ ያስመስላል፤ ሰውም ስልኩ ያረጀ ይመስለዋል።

ቪዲዮ ላይ ተጠንቀቁ። በ4ኬ (በጣም ከፍ ባለው የቪዲዮ ጥራት) ስትቀርጹ እንደ ስልኩ በደቂቃ ከ170 እስከ 400 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። በ1080 (ዝቅ ባለው ጥራት) ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ለቤተሰብም ይበቃል። በፀሐይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ስልክ አትተዉ። ሲግል ካሜራው አልከፍትም ይላል።

አማራጭ ሁለት፦ ያገለገለ ወይም የተዋሰ ትልቅ ካሜራ

ዲኤስኤልአር የሚባለው፣ ብዙ ሰው «ፕሮፌሽናል ካሜራ» የሚለው ነው። የጀማሪዎቹ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ 22 በ15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ከተለመደ ስልክ ሴንሰር በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ሲመሽ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ለሚሮጥ ልጅም የሻተር ፍጥነቱን (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ላይ አድርጎ እንቅስቃሴውን አቁሞ ማስቀረት ይቻላል።

ችግሩ ሌንሱ ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው 18–55 የሚባለው ሌንስ (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ይበልጥ ያስጠጋል) የሚያስጠጋው የ3 እጥፍ የእውነት ዙም፣ ማለትም ቆርጦ ሳይሆን በሌንስ የሚያስጠጋ፣ ያለው ስልክ የሚያስጠጋውን ያህል ነው። ካሜራውን የተዋሳችሁት ለጉማሬና ለወፍ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ሌንስ ምንም አላተረፋችሁም። 55–250 ወይም 70–300 የሚባለውን ካላገኛችሁ ለርቀት ብላችሁ አትሸከሙት።

ሁለተኛው ችግር የሚይዘው ሰው ነው። ሰውየው ካሜራውን የማያውቀው ከሆነ ልጆቹ በፀሐይ ቆመው «ቆይ፣ ቆይ» ሲባሉ ይውላሉ። ከሁለተኛው ማቆሚያ በኋላ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ማዞር ይጀምራሉ። የተዋሱት ከሆነ ደግሞ ሰቀቀን አለ። የሰው ዕቃ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ጀልባ የወጣ ሰው ሐይቁን አያይም፣ ካሜራውን ነው የሚያየው።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ እነዚህን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ስንት ጊዜ እንዳነሳ ጠይቁ፤ የጀማሪ ካሜራ ሻተር ብዙ ጊዜ ለ100 ሺህ አካባቢ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌንሱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለ ተዉት። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና አስፍታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያነሳችሁትን ቤት ወስዳችሁ በኮምፒውተር እዩት። ዋይፋይ ያለው መሆኑንም ጠይቁ። ከሌለው ፎቶው ስልካችሁ ላይ የሚደርሰው በካርድ ማንበቢያ ነው። ሻጩ «ቻርጀሩ ሌላ ጊዜ» ካላችሁ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ሂዱ።

ሚረርለስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቀለል ይላል፣ ፊትና ዓይንን ራሱ እየተከተለ ፎከስ ያደርጋል። ለልጅ በጣም ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ለአንድ የሐዋሳ ጉዞ የሚከፈል አይደለም። ፎቶ የዓመት ሙሉ ሥራው ወይም ፍቅሩ የሆነ ሰው ያስብበት።

አማራጭ ሦስት፦ የሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺ

ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ታገኛላችሁ። ይህን አማራጭ ብዙ ሰው ለሙሽራና ለፍቅረኛ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ለእኔ ግን ለቤተሰብ ነው የተሠራው። እጃችሁ ነፃ ነው፣ ሁላችሁም ፎቶው ውስጥ ናችሁ፣ ልጁም ከማያውቀው ሰው ፊት ትንሽ ይታዘዛል። ልጆቹ የሚቆሙበትን ቦታና ብርሃኑ የሚመጣበትን ሰዓት እሱ በየቀኑ ያየዋል።

ውሉ ግን ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ይለቅ። ክፍያው በፎቶ ነው ወይስ በጥቅሉ? ስንት ኤዲት የተደረገ ይሰጣችኋል? መቼ? በቴሌግራም ሲልክ «በፋይል ላክልኝ» በሉት። እንደ ተራ ፎቶ ከላከው መጠኑ ይቀንሳል፤ በፋይል ከሆነ እንዳለ ይደርሳል። ቀብድ ከጠየቀ ስጡ፣ ሙሉውን ግን ፎቶው ሲደርስ ክፈሉ። የልጆቻችሁን ፎቶ ገጹ ላይ እንዳይለጥፍ ከፈለጋችሁም እዚያው ንገሩት። ከዚያ በፊት ያነሳቸውን ሌሎች ቤተሰቦች ማየትም መብታችሁ ነው። የፊት ቆዳን እንደ ፕላስቲክ የሚያለሰልስ ኤዲት ካያችሁ «የእኛን እንዳለ ተወው» በሉ።

ጉድለቱ እሱ ያለው ሐይቅ ዳር ብቻ መሆኑ ነው። የኋላ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተኛውን ልጅ፣ ሻሸመኔ ላይ ማንጎ ፊቱን የቀባውን ልጅ አያገኘውም።

አማራጭ አራት፦ ለልጁ የራሱን መሣሪያ መስጠት

መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ አለ? ሲሙን አውጡ፣ የአውሮፕላን ምልክቱን አብሩ፣ የእጅ ማሰሪያ አድርጉለትና ለልጁ ስጡት። ከአምስት ዓመት በላይ ያለ ልጅ በደንብ ያነሳል። አብዛኛው ፎቶ የጫማ፣ የጣትና የመኪና ጣሪያ ይሆናል። ጥቂቱ ግን እናንተ ናችሁ፦ እናት ብርቱካን ስትልጥ፣ አባት ካርታ ሲያይ፣ ከታች ወደ ላይ የታየ። ያ አምስተኛው መለኪያ ያለ ምንም ወጪ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በመንገድ ላይም «መቼ ነው የምንደርሰው?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይቀንሳል።

የቀሩት በአጭሩ

አክሽን ካሜራ የሚባለው ትንሹና ጠንካራው ካሜራ ለጀልባና ለላንጋኖ ዋና ጥሩ ነው፤ ውሃና አቧራ አይፈራም። ልጆቻችሁ ዋና የማይወዱ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። ወዲያው የሚያትመው ካሜራ ልጆችን ያስደስታል። ፊልሙ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ፓኬት 10 ነው፣ በየሱቁም አይገኝም፤ ልጆች 10ሩን በአንድ ማቆሚያ ይጨርሱታል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ስለዚህ ከዝርዝሩ አውጡት።

ሠንጠረዡ

| አማራጭ | ነፃ እጅ | ፍጥነት | ርቀት | ሲመሽ | ሁሉም ፎቶው ውስጥ? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ያላችሁ ስልክ | አዎ | በጣም ፈጣን | ደካማ | መካከለኛ | አንሺው ይጎድላል | የለም |
| ዲኤስኤልአር ከ18–55 ጋር | የለም | ዘገምተኛ | ደካማ | ጥሩ | አንሺው ይጎድላል | ከፍ ያለ |
| ዲኤስኤልአር ከረጅም ሌንስ ጋር | የለም | ዘገምተኛ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አንሺው ይጎድላል | ከባድ |
| የሐይቅ ዳር ፎቶ አንሺ | አዎ | በቀጠሮ | አያሳስብም | ጥሩ | አዎ | ዝቅተኛ፣ በድርድር |
| አሮጌ ስልክ ለልጁ | አዎ | እንደ ልጁ | ደካማ | ደካማ | ወላጆች ይገባሉ | የለም |
| አክሽን ካሜራ | አዎ | ፈጣን | ደካማ | ደካማ | አንሺው ይጎድላል | ከፍ ያለ |

ለማን የቱ?

ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላችሁ ስልክ ብቻ ያዙ። ሌላ ነገር አትጨምሩ፤ ቦርሳው በዳይፐር ሞልቷል።

ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ልጆች ያሏችሁ፣ በጀታችሁም ጠበብ ያለ ከሆነ፣ ስልክ ለእናንተ፣ አሮጌ ስልክ ለልጁ። ትንሽ ከተረፋችሁ ሁለተኛውን ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከፎቶ አንሺ ጋር ተቀጣጠሩ። ማታ የተነጋገራችሁትን ፎቶ አንሺ ጠዋት ደውላችሁ ቀስቅሱት እንጂ፣ በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ አይወጡም።

ወፍ የሚወድ ጎረምሳ ያለበት ቤት ሌላ ነው። እዚህ ላይ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከ55–250 ወይም ከ70–300 ሌንስ ጋር ወጪው ያዋጣል፤ ካሜራውን የሚይዘው ልጁ ራሱ ከሆነ ብቻ። ባቱ ላይ ሰፊ ጊዜ ስጡት፣ ሌሎቹ ሻይ ይጠጡ። የዓሣ አጥማጅ ወይም የነጋዴ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት «እናቴ፣ አንዴ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅን ከካሜራው ጋር አብራችሁ አስተምሩት። ኬላና ወታደር ላይ ካሜራ እንዳያነሳም አስጠንቅቁት።

አያት አብረው የሚሄዱ ከሆነ በጀታችሁን ከመሣሪያ ወደ ሕትመት አዙሩት። እሳቸው ቴሌግራም ላይ ሳይሆን እጃቸው ላይ ነው ማየት የሚፈልጉት። ፎቶ አንሺ ቅጠሩ፣ እሳቸውን ጥላ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጡ፣ ልጆቹን ዙሪያቸው አድርጉ። የተመረጡትን በ10 በ15፣ አንዱን ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ለግድግዳ አሳትሙ። ስቱዲዮ ስትሄዱ ዋናውን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቴሌግራም ስክሪን ሾት ያደረጋችሁትን አትውሰዱ።